«ጤዛ»፦ ካሜራ ባልነበረበት ጊዜ ማን ነበር የሚያየን?

«ጤዛ»ን አይታችሁታል? ስሙን ያልሰማ ጥቂት ነው፣ ቁጭ ብሎ የጨረሰውም እንደዚያው። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል። ቲክቶክ ለለመደ ዓይን ይከብዳል፣ እውነት እንናገር ከተባለ እኛም መጀመሪያ መሃል ላይ አቋርጠነው ነበር።

ፊልሙ የኃይሌ ገሪማ ነው። ጎንደር ተወልደው፣ አሜሪካ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሲኒማ ያስተማሩት ማለት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ፤ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት።

ታሪኩ ባጭሩ፦ አንበርብር ጀርመን ሕክምና ተምሮ፣ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ አገሬን ላገልግል ብሎ ይመጣል። ጓደኛው ተስፋዬ ይገደላል። እሱም ተመልሶ ጀርመን ሲሄድ ዘረኞች ያጠቁትና አንድ እግሩን ያጣል። በመጨረሻ ጣና ዳር ወዳለው የትውልድ መንደሩ ሲገባ፣ ወታደር እያሳደደ ወጣት ያፍሳል፤ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል።

ታዲያ ስለላው የት አለ? ካሜራ የለም፣ የተጠለፈ ስልክ የለም። ስብሰባ ነው ያለው። «ሂስና ግለ ሂስ» እየተባለ ሰው ባልደረቦቹ ፊት ይቆምና ስለ ራሱ ይናዘዛል። የሚያስፈራው ወታደሩ ሳይሆን አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ትናንት ቡና ላይ ያወራኸውን ነገ ስብሰባ ላይ ሊያነሳው ይችላል። እኛን የያዘን ይሄ ነው።

ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀበሌ የተመሰረተው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በተወረሰበት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። መጀመሪያ ሥራው ቤት ማከራየት፣ የሰፈር ጉዳይ ማየት ነበር። በ1969 እና 70፣ ቀይ ሽብር ሲመጣ ግን ያው ቀበሌ መሳሪያ የታጠቀ የአብዮት ጥበቃ ነበረው። ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ቤት እንግዳ እንደገባ የሚያውቀው እሱ ነው። ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት የሚጠየቅበት ጊዜም ነበር። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ያሉ አባቶችን ጠይቋቸው፤ ለመስቀል አገር ቤት ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ ያስታውሳሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ኪሳችን እንምጣ። በየካቲት 2015 ወልቂጤ ውስጥ ውሃ ይሰጠን ብለው በወጡ ነዋሪዎች ላይ ተተኩሶ ሰው መሞቱን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቋል። እንዲህ ባለ ቀን ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽ ሰው በአንድ ቪዲዮ ሁለት ነገር ይይዛል፦ ማን እንደተኮሰ የሚያሳይ ማስረጃ፣ እና እዚያ የቆመውን የጎረቤቱን ፊት። ፊት ሳይሸፍኑ ሼር ማድረግ ቀላል ነው፣ መመለሻ ግን የለውም። የግሩፕ ስክሪንሾትም እንዲሁ። ለሳቅ ተብሎ የተላከው ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ሳቅ ላይሆን ይችላል።

በእርግጥ ዛሬ የተራቀቀ መሣሪያም አለ። ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ ውጭ አገር ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች የጣሊያን ኩባንያ በሠራው የስለላ ሶፍትዌር ኢላማ መደረጋቸውን አሳይቷል። እሱን የሚገዛው ብር ያለው መንግሥት ነው። ስክሪንሾት ግን ነጻ ነው፣ ሁላችንም ጋ አለ።

ፊልሙን ስታዩ ከወላጅ ጋር ለማየት ካሰባችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ከኛ አንዱ ሳይናገር ከአባቱ ጋር ከፍቶት፣ የስብሰባው ትዕይንት ላይ አባትየው ዝም ብለው ተነስተው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ማታ ራት ላይ አንድ ስም ብቻ ጠሩ፤ የድሮ የክፍል ጓደኛቸው ነበር።