«ምንም አልታየም» ስለሚለው የምርመራ ወረቀት

ከነቀምቴ ወጣ ብሎ የሚኖር አንድ ገበሬ ተቅማጥ ከያዘው ወር አለፈው እንበል። ሰውየው ኤች አይ ቪ በደሙ አለበት፤ መድኃኒቱን ግን አቋርጦ ሰንብቷል። ሐኪም ቤት ሄዶ ሰገራውን አስመርምሮ የተሰጠውን ወረቀት ቢያስነብብ «ምንም አልታየም» የሚል ነው። እርሱም ደስ ብሎት ይመለሳል፤ መክሳቱ ግን አይቆምም።

ወረቀቱ ዋሽቷል ማለታችን አይደለም። በተለመደው ምርመራ ጥቂት ሰገራ በጨው ውሃ ተበጥብጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ በዚህም ወስፋት፣ አሜባና ጃርዲያ ይታወቃሉ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ግን ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ ከ4 እስከ 6 ብቻ ስለ ሆነ፣ ቀለም ካልነካው በቀር ለዓይን ከእርሾ አይለይም። ታይዘር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1907 እ.ኤ.አ. በአይጥ ላይ አግኝቶት ነበር፤ ሰውንም እንደሚያሳምም የታወቀው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ጤነኛውን ሰው በሁለት ሳምንት ገደማ ይለቀዋል። የሲዲ ፎር ቁጥሩ ከ100 በታች በወረደበት ሰው ላይ ግን ወራት ይከርምበታል።

እኛን የሚገርመን መፍትሔው አዲስ አለመሆኑ ነው። የሳንባ ነቀርሳን በአክታ ለመለየት ለብዙ ዘመን ያገለገለው የዚል ኒልሰን ቀለም፣ አሲዱ ለዘብ ተደርጎ ለዚህም ይሠራል። ሰገራው በመስተዋት ላይ በስሱ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ቀዩ ቀለም ይፈስበታል፤ በአሲድ ሲታጠብ ሌላው ሁሉ ቀዩን ይለቃል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም ግን ይዞ ይቀራል፤ በሰማያዊ መደብ ላይም እንደ ቀይ ዶቃ ይታያል። በዚያው መስተዋት ላይ አይሶስፖራ የሚባለውም፣ ከእርሱ የሚተልቅና ሞላላ የሆነው፣ ይገኛል።

ሁለቱን መለየት የሚጠቅመው ለሕክምናው ነው። አይሶስፖራ በየመድኃኒት ቤቱ በሚታወቀው በኮትሪሞክሳዞል ይድናል። ለክሪፕቶስፖሪዲየም ግን አቅሙ ለደከመ ሰው እርግጠኛ መድኃኒት የለውም፤ የሰውነቱን ፈሳሽ እየተኩ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ የሚሰጠውን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ ነው። ያ ገበሬ የተቅማጡን ስም ቢያውቅ ኖሮ ያቋረጠውን መድኃኒት በቶሎ ይጀምር ነበር።

በወለጋ ከብት ከሰው ጋር አንድ ደጅ ይውላል፤ ያስቀመጠው ጥጃም ይህንኑ ጥገኛ ሊያስተላልፍ ይችላል። በውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን አይገድለውም፤ ማፍላት ግን ይገድለዋል።

እንግዲህ ላቦራቶሪው ቀለሙን የሚያነሣው ሐኪሙ በማዘዣው ላይ ጥገኛውን በስሙ ሲጽፍ ነው። ተሕዋሱ በየቀኑ ስለማይወጣ ሰገራው በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ቢታይ ይሻላል። ከደምቢ ዶሎ ወይም ከሻምቡ ገጠር ለመጣ ሰው ሦስት ቀን ማደር የአልጋና የምግብ ወጪ ነው፤ ነገር ግን ፎርማሊን የተጨመረበት ብልቃጥ ቢሰጠው ሦስቱንም በቤቱ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ያመጣዋል፤ ቀለሙም በእንዲህ ያለው ሰገራ ላይ ይሠራል።