ቤንዚን የምትጠጣው መኪናችን
ፈጣን መኪና ባለቤቱን ታኮራለች፤ ኪሱን ግን ታራቁታለች። እኛም ሁለት ካርቡራተር ያላት አሮጌ የጣልያን ሥሪት መኪናችን ከቤት ወደ ሥራ ስታመላልሰን፣ የቤንዚኑ ወጪ ደመወዛችንን ሊጨርሰው ደርሶ ነበር። ጭሷ ጥቁር፣ ካንዴላዋም ጥላሸት የለበሰ ሆነ።

ምክንያቱ ከወዴት ነው ቢባል ከከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሯ ከጠረፉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ለጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር ግን እዚህ ቤንዚኑን ያበዛዋል።

መካኒካችን የቤንዚኑን ማሳለፊያ ቀዳዳ በጠበበ ለወጠውና ጭሱ ጠራ። የቀረው የእግራችን ነገር ነው። ቀይ መብራት ፊት ለመቆም መሮጥ ምን ይጠቅማል? እንቁላል እንኳ በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው።