የድሮ የእጅ ሰዓት እንዴት ይመረመራል?

ተማሪዎች፣ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ ወይም እንዴት እንደሚከናወን በቅደም ተከተል ያስረዳል። ስታነቡ ጸሐፊው ሐሳቡን እንዴት እንዳደራጀ አስተውሉ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንባብ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ሰውን ሁሉ በክፉ ዓይን እንድናይ የሚመክር አይደለም፤ እጃችንን ወደ ኪሳችን ከመስደዳችን በፊት ዓይናችንንና አእምሮአችንን እንድናሠራ የሚያስጠነቅቅ እንጂ። ይህ ምክር በእጅጉ ከሚያስፈልግባቸው ገበያዎች አንዱ የድሮ የእጅ ሰዓት ገበያ ነው። አንድ ሠራተኛ ከወር ደመወዙ እየቀነሰ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ስመ ጥር ሰዓት ይገዛል። ገጹ ያብረቀርቃል፤ ስሙም በጉልህ ተጽፎበታል። ከሳምንት በኋላ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወስዶ ሲያስከፍተው ግን ስሙ የአንድ ፋብሪካ፣ ሞተሩ የሌላ ፋብሪካ ሆኖ ይገኛል። በአንጻሩ ደግሞ ከአባቱ የወረሰውን እውነተኛ ሰዓት ዋጋውን ሳያውቅ በርካሽ የሚሸጥ አለ። ሁለቱንም የጐዳቸው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም አለመመርመር ነው።

ለመሆኑ ሰዎች ያረጀ ሰዓት ለምን ይፈልጋሉ? በድሮው የእጅ ሰዓት ውስጥ ኃይል የሚሰጠው የተጠመጠመ ሞላ ነው። ሞላው ቀስ በቀስ ሲፈታ ጥርሳም መንኰራኩሮችን ያዞራል፤ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ መንኰራኩር ደግሞ ፍጥነቱን ትቆጣጠራለች። በታኅሣሥ 1969 የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ በባትሪ የሚሠራውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የባትሪ ሰዓት እየረከሰ ሄደ፤ በትክክለኛነቱም ባለሞላውን በለጠው። ስለዚህ ዛሬ ጊዜን ለማወቅ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ርካሽ የባትሪ ሰዓት ይበቃዋል። የድሮ ሰዓት ገዢ የሚከፍለው ለእጅ ጥበቡ፣ ለዘመኑና ለታሪኩ ነው። እነዚህ ሐሰት ሆነው ከተገኙ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር አይኖርም ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ሐሰተኛ» የሚለውን ቃል መተንተን ያስፈልጋል። አንደኛው ዐይነት ከነጭራሹ ተመስሎ የተሠራው ነው። ሁለተኛው ድብልቁ ነው፤ ይኸውም ከሦስትና ከአራት የተበላሹ ሰዓቶች በተለቀሙ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሞተሩና ቀፎው እውነተኛ ሆነው ገጹ እንደገና የተቀባ ነው። የሦስቱም ጥፋት እኩል አይደለም። በሌላ በኩል፣ በሃምሳ ዓመት ዕድሜ ውስጥ መስታወቱ፣ ማሰሪያው ወይም መሙያው ተለውጦ ቢገኝ ሊያስደንቀን አይገባም፤ እነዚህ በአገልግሎት የሚያልቁ ክፍሎች ናቸውና። ሻጩ መለወጣቸውን ከተናገረና ዋጋውም በዚያው ልክ ከሆነ ማታለል የለበትም።

ታዲያ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን እንለየዋለን? ዳኛ ፍርድ የሚሰጠው አንድ ምስክር በተናገረው ብቻ አይደለም፤ ምስክሮቹን ለየብቻ ጠይቆ ቃላቸው መስማማቱን ያያል። ሰዓትም አራት ምስክሮች አሉት። እነርሱም ገጹ፣ ቀፎው፣ ሞተሩና ታሪኩ ናቸው። አንዱን ምስክር በሐሰት ማስመስከር አያስቸግርም፤ አራቱንም አንድ ቃል ማናገር ግን እጅግ ከባድ ነው። ስለሆነም የመርማሪው ዋና ሥራ ማመሳከር ነው።

የመጀመሪያው ምስክር ገጹ ነው። በማጉያ መነጽር ተመልከቱት። በፋብሪካ የታተመ ጽሑፍ ጠርዙ የጠራ፣ በፊደላቱ መካከል ያለው ርቀትም የተስተካከለ ነው። በእጅ የተቀባ ጽሑፍ ግን ይወፍራል፣ ይጣመማል፣ አንዳንዴም የፊደል ግድፈት ይገኝበታል። የደቂቃ ምልክቶቹ ከሰዓት ምልክቶቹ ጋር ካልተገጣጠሙም ገጹ ዳግመኛ መቀባቱን ያመለክታል። ሌላው ሁሉ አርጅቶ ገጹ ብቻ አዲስ መስሎ ከታያችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

በጨለማ የሚያበራው ቀለምም ይመሰክራል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ለዚህ አገልግሎት ራዲየም የሚባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይሠራበት ነበር፤ በኋላም ትሪቲየም ተተካ። ትሪቲየም ባላቸው የስዊስ ሰዓቶች ላይ ከገጹ ግርጌ፣ ስዊስ ከሚለው ቃል ግራና ቀኝ ቲ የሚለው የላቲን ፊደል ይታያል። የትሪቲየም ኃይል በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። እንግዲህ በ1965 የተሠራ ሰዓት ከ60 ዓመት በኋላ የሚቀረው ኃይል ከ30 እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ደምቆ ካበራ ቀለሙ በቅርቡ የተቀባ ነው። ማስጠንቀቂያም አለ፤ የራዲየም ቀለም ብናኙ ወደ ሰውነት ከገባ ለጤና አደገኛ ስለሆነ ገጹን ከፍቶ መፋቅ ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው ምስክር ቀፎው ነው። የቀፎው ጠርዞች ስለት እንዳላቸው ወይም እንደ ሳሙና ሟሙተው እንደ ሆነ እዩ። አንዳንድ ሻጮች ቀፎውን አዲስ ለማስመሰል ደጋግመው ያስሞርዱታል። በሞረድ የጠፋ ጠርዝ ግን ተመልሶ አይመጣምና ዐዋቂ ገዢ ከተሞረደው ይልቅ ጭረት ያለበትን ይመርጣል። ሰዓቱ የወርቅ ነው ከተባለ በጀርባ ክዳኑ ውስጥ ያለውን ማኅተም ፈልጉ። 750 የሚለው ቁጥር 18 ካራት፣ 585 የሚለው 14 ካራት ወርቅ ማለት ነው። በአንጻሩ 10 ወይም 20 ሚክሮን የሚል ከተገኘ ሰዓቱ በወርቅ የተለበጠ ነው፤ 20 ሚክሮን የሚሊሜትር ሃምሳኛ ብቻ ነው። ልባጡ ማሰሪያው በሚያያዝበት ማዕዘን ላይ ሲያልቅ ከሥሩ ሌላው ብረት ብቅ ይላል።

ሦስተኛው ምስክር ሞተሩ ነው። ሳይከፈትም ቢሆን አንድ ነገር ይነግረናል። የባለሞላ ሰዓት የሴኮንድ ጠቋሚ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ5 እስከ 8 ጊዜ ያህል በትንንሹ ስለሚራመድ የሚንሸራተት ይመስላል፤ የተለመደው የባትሪ ሰዓት ጠቋሚ ግን በሴኮንድ አንድ ጊዜ ይዘላል። ገጹ ላይ አውቶማቲክ ተብሎ ተጽፎ ጠቋሚው እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ምስክሮቹ ተጣሉ ማለት ነው። ቀጥሎ ክዳኑን ሰዓት ሠሪ ይክፈተው፤ የፋብሪካው ስምና የሞተሩ ቁጥር ይነበብ። «17 ድንጋይ» ወይም «21 ድንጋይ» የሚለው ጽሑፍ ግን አያታልላችሁ። እነዚህ ቀያይ ድንጋዮች ሰበቃን ለመቀነስ የሚገቡ፣ በፋብሪካ የሚሠሩ ርካሽ ድንጋዮች እንጂ የጌጥ ዕንቁዎች አይደሉም።

ማመሳከር እንዴት እንደሚከናወን በምሳሌ እንየው። ሴይኮ 5 የተባለው ሰዓት ገበያ ላይ መዋል የጀመረው በ1963 ነው። በጀርባ ክዳኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። የአንደኛው ቁጥር የመጀመሪያ አራት አኃዞች የሞተሩን ዐይነት ያመለክታሉ፤ 6119 እንበል። በሁለተኛው ተራ ቁጥር ደግሞ የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱን መጨረሻ፣ ቀጥሎ ያለው ወሩን ይናገራል። ተራ ቁጥሩ 0 እና 9 ብሎ ቢጀምር ሰዓቱ የተሠራው መጨረሻው 0 በሆነ ዓመት፣ በመስከረም ወር ነው። ዓመቱ 1960 እንዳይሆን ሴይኮ 5 ገና አልተሠራም ነበር፤ 6119 ሞተር ደግሞ የ1960ዎቹ መጨረሻና የ1970ዎቹ ሥራ ነው። ስለዚህ ዓመቱ 1970 ነው። አሁን ወደ ገጹ ተመለሱ፤ ከግርጌው በደቃቅ የተጻፈው ቁጥርም ብዙውን ጊዜ በ6119 ይጀምራል። ክዳኑ ሲከፈት ሞተሩ ላይ የተገኘው 7009 ቢሆን ግን ከቀፎው ጋር አብሮ ያልተወለደ ሞተር ነው።

አራተኛው ምስክር ታሪኩ ነው። ሰዓቱን ማን ገዛው? ከማን ወደ ማን ተላለፈ? ደረሰኝ፣ የዋስትና ወረቀት፣ የስጦታ ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ አለው? ታሪክ ማስረጃ ሲኖረው ዋጋን ከፍ ያደርጋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ አንድ የፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት በ2017 ጄኔቫ ላይ በተካሄደ ጨረታ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሽጧል። በዚያው ዓመት የአሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና ኒውዮርክ ላይ በ17,752,500 ዶላር ተሸጠ። በጀርባው ላይ ሚስቱ ያስቀረጸችለት መልእክት ይነበብ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት ታሪክ ሌላም ትምህርት ይሰጠናል። ይኸው ሰዓት ቀደም ብሎ በ2015 ለጨረታ ሊቀርብ ከታቀደ በኋላ በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ከጨረታው እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። እንግዲህ «ሰዓቱ እውነተኛ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ሻጩ ሊሸጠው መብት አለውን?» ብሎም መጠየቅ ይገባል። ማስረጃ የሌለው ታሪክ ግን ወሬ ነውና ለወሬ ገንዘብ አትክፈሉ።

እውነተኛነቱ ከታወቀ በኋላ ወደ ዋጋው እንመጣለን። ያረጀ ሁሉ ውድ አይደለም። በብዛት የተሠራና ፈላጊ የሌለው ሰዓት የመቶ ዓመት ዕድሜ ቢኖረውም ዋጋው ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ዋጋን የሚወስኑት የሰዓቱ ይዞታ፣ ብርቅነቱ፣ የፈላጊዎቹ ብዛትና ታሪኩ ናቸው። ዋጋ ስታነጻጽሩም ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን ተመሳሳይ ሰዓት በእርግጥ የተሸጠበትን ተመልከቱ፤ መጥራትና መሸጥ የተለያዩ ናቸውና። ከተቻለ ሰዓቱ ሰዓት ሠሪ ዘንድ አድሮ ይፈተን። በ24 ሰዓት ውስጥ ከግማሽ ደቂቃ የማይበልጥ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ለሽማግሌ ሰዓት መልካም ነው። ብዙ ደቂቃ ከሳተ ወይም ከቆመ የማሳደሻውን ወጪ አስልታችሁ ከዋጋው ቀንሱ።

በመጨረሻም የምርመራው ጠባይ እንደ ምርመራው ሁሉ አስፈላጊ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» የሚል ግፊት ሲደረግባችሁ መታገሥ ይበጃል። ጥያቄያችሁ በትሕትና ይሁን፤ ሰውየውን ሳይሆን ሰዓቱን መርምሩ። ሐቀኛ ሻጭ ክዳኑ እንዲከፈት አይከለክልም፤ የሰዓቱን ዐይነት፣ ቁጥሩንና የተለወጡትን ክፍሎች በደረሰኙ ላይ ለመጻፍም አይሰስትም። እናንተም አንድ ቀን የወላጆቻችሁን ሰዓት መሸጥ ቢያስፈልጋችሁ ሳታስሞርዱ፣ ገጹንም ሳታስቀቡ አስመርምሩት። ገዢም ሆናችሁ ሻጭ፣ በእውቀት የተስማማችሁበት ዋጋ ማንንም አያስቆጭም።

የቃላት ፍች

ሞላ፦ ተጠምጥሞ ኃይል የሚያጠራቅም ሽቦ ወይም ምላጭ ብረት
ቀፎ፦ የሰዓቱን ሞተር የሚይዘው የውጭ አካል
ልባጥ፦ በሌላ ነገር ላይ በስሱ የተለበጠ ሽፋን
ሰበቃ፦ የሁለት ነገሮች እርስ በርስ መፋተግ
ማመሳከር፦ አንዱን ማስረጃ ከሌላው ጋር አስተያይቶ መስማማቱን ማረጋገጥ

መልመጃ አንድ፦ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልስ ስጡ።

1. ጸሐፊው የሰዓትን ክፍሎች በምስክር የመሰላቸው ለምንድን ነው?
2. በ1965 የተሠራ ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ደምቆ ቢያበራ ምን እንረዳለን? ምክንያቱን አስረዱ።
3. ዐዋቂ ገዢ ከተሞረደ ቀፎ ይልቅ ጭረት ያለበትን የሚመርጠው ለምንድን ነው?
4. «ማስረጃ የሌለው ታሪክ ወሬ ነው» የሚለውን ሐሳብ ትስማሙበታላችሁን? አብራሩ።

መልመጃ ሁለት፦ «ስለሆነም»፣ «በአንጻሩ»፣ «ይኸውም» እና «እንግዲህ» የሚሉት አያያዦች በምንባቡ ውስጥ የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ አያያዥ የትኞቹን ሐሳቦች እንዳገናኘ ግለጹ።

መልመጃ ሦስት፦ በአካባቢያችሁ ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት የሚመረምሩትን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ማርን፣ ቅቤን ወይም የእርሻ በሬን መርጣችሁ እንዴት እንደሚመረመር የሚያስረዳ ባለአራት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።