ከጅማ እስከ ጣና፤ ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት

የቡና ለቀማ አልቆ፣ ጀንፈሉ ተሸጦ እጅ ላይ ጥቂት ገንዘብ ሲገኝ በየቡና ከተማው የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ዘንድሮስ ልጆቹን ይዘን ወዴት እንውጣ?» የሚል ነው። ጅማ ውስጥ፣ ከሂርማታ ገበያ ብዙም በማይርቅ ቤት፣ ከአጋሮና ከሊሙ የመጡ ዘመዶች በተሰበሰቡበት የቡና ሥርዓት ላይ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ሴቶቹ የዕቁብ ጓደኛሞች ናቸው። ካዋጡት ላይ ለጉዞ የሚሆን ለይተው ማስቀመጥ ጀምረዋል። የመረጡትም የጀልባ ጉዞ ነው።

«ልጆቼ ጀልባ የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው» አለች አንዷ። እውነትም ጅማን አቋርጦ የሚያልፈው አዌቱ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውኃ የለውም። ቦዬ ሄዶ ጉማሬ ከዳር ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ለአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰውም የግልገል ጊቤን ግድብ ሐይቅ በመንገዱ ላይ ያየዋል። ሴቶቹ የፈለጉት ግን ታሪክ ባለበት ከተማ ተቀምጦ፣ በሐይቅም በወንዝም መጓዝን ነው። ስለዚህ ወሬው ወደ ባሕር ዳር ዞረ፤ ወደ ጣና ሐይቅና ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ሥፍራ።

እዚህ ላይ የራሴን ገጠመኝ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ከጥቂት ዘመዶቼ ጋር ከባሕር ዳር ጀልባ ተከራየን። ባለጀልባው «ቅርብ ነው፣ ቆንጆ ነው» ብሎ ወደ ክብራን ገብርኤል ወሰደን። ስንደርስ ወንዶቹ ወደ ገዳሙ ወጡ። እኛ ሴቶቹ ግን ውኃው ዳር ቀረን። ገዳሙ ሴት የማያስገባ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። የከፈልነው ግን እኩል ነበር! ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፣ ልናከብረው ይገባል። ያናደደኝ አስቀድሞ አለመነገሩ ነው። አክስቴ ያን ዕለት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ቆሎዋን እየቆረጠመች «ለዚህ ነው ከሌሊት ጀምሮ የተነሣሁት?» ያለችው እስከ ዛሬ በቤታችን ይነሣል።

እንግዲህ እህቶች፣ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት «ሴት ይገባል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከክብራን ሌላ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስም ለሴቶች ዝግ ነው። በአንጻሩ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ ሁለቱም በዘጌ፣ ሴቶች ይገባሉ። ከከተማው ብዙ የማይርቀው ደብረ ማርያምም እንዲሁ ነው። ጊዜና ገንዘብ ያለው ሰው በደቅ ደሴት በኩል ወዳለው ናርጋ ሥላሴ ቢዘልቅ አይቆጭም። ይህን ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ከግድግዳው ሥዕል መካከልም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ሴት ያሠራችውን ሕንፃ ሴቶች ገብተው ማየታቸው ለእኔ የጉዞው ዋና ነገር ይመስለኛል። ነገር ግን ናርጋ በትንሽ የሞተር ጀልባ በርከት ያሉ ሰዓቶች ስለሚወስድ ከሕፃናት ጋር አይመከርም።

ለጅማ ሰው ዘጌ የተለየ ቦታ ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ዑራ የምትወጡትም በቡና ደን መካከል ነው። እንደ አገሩ ትውፊት ምድሩ በበሬ አይታረስም፤ ቡናውንና ጌሾውንም ለሕዝቡ ያስገኙለት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይባላል። ከዕቁቡ አባላት እኩሌቶቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ «እኛስ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጎብኚ በሃይማኖቱ አይከለከልም፤ ጫማ ማውለቅና በአግባቡ መልበስ ግን ግዴታ ነው። መግባት ያልፈለገችም ከቡናው ጥላ ሥር ብትቀመጥ ቀኗ አይባክንም።

ስለ ውኃው ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ጠዋት እንደ መስተዋት ጸጥ ያለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ትንሿን ጀልባ ያንገላታል። ስለዚህ ማለዳ ውጡ፣ ከቀትር በፊትም ለመመለስ ሞክሩ። ላይፍ ጃኬት የሚባለውን የመንሳፈፊያ ልብስ በቁጥራችሁ ልክ መኖሩን ከመሳፈራችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ለልጅ የአዋቂ ልክ አይሆንም፤ ከአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ለልጁ ልክ የሚሆን ከሌለ ጀልባ ቀይሩ፤ ባለጀልባው ቢቆጣም ይቆጣ። ትናንሾቹ ጀልባዎች መጸዳጃ ቤት እንደሌላቸውም በግልጽ መናገር ይሻላል፤ እርጉዝ ሴትና ትንሽ ልጅ ያላቸው አጭሩን መንገድ ይምረጡ። ያም ጀልባው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት የሚሄድበት ነው። ጉማሬ የሚታየው በዚያ በኩል ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝም የዓባይ ድልድይም በዚሁ ከተማ ይገኛል።

ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። ስለዚህ ስምንት ሆኖ መሄድ ለሁለት ከመሄድ ይረክሳል፤ የዕቁብ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። የመግቢያ ገንዘብና የአስጎብኚ ክፍያ ለብቻው ስለሆነ፣ ጀልባው እስክትመለሱ ድረስ መጠበቁም በሂሳቡ ውስጥ መካተቱን ቀድማችሁ ተስማሙ።

ከሁሉ የከበደው መንገዱ ነው። ከጅማ በአዲስ አበባ በኩል ባሕር ዳር ድረስ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ ርቀቱን ብቻ ማሰብ አይበቃም። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውላችሁ ጠይቁ፤ በመነሻችሁ ሳምንትም ድገሙት። አቅም ካለ በአውሮፕላን መሄድ ይመረጣል። ጅማም ባሕር ዳርም አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። መልሱ «አሁን አይሆንም» ከሆነ ገንዘቡ በዕቁቡ ይቆይ፤ ልጆቹ ቦዬን ይዩ።

ሴቶቹም ይህንኑ ወሰኑ። ጊዜው የሚፈቅድ ከሆነ ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ የጥምቀት ግርግር ሲያልፍና ትምህርት ቤት ለእረፍት ሲዘጋ ይነሣሉ። ካልሆነም ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩታል። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት አዴ ግን አንድ ኪሎ የሊሙ ቡና ከአሁኑ ለቅመው አስቀምጠዋል። ዘጌ ሲደርሱ ከዚያው ቡና ጎን ለጎን ሊያፈሉት ነው አሉ።