በጣርማ በር የሚያልፈውን መንገደኛ ስለ መቍጠር

ቍጥር የአስተዳደር ዓይን ነው። በጎተራው ያለውን እህል መጠን የማያውቅ ባለቤት ለክረምት የሚበቃውን ሊመድብ አይችልም። እንደዚሁም የሕዝብ ማመላለሻን ሥራ የሚመራ መሥሪያ ቤት የመንገደኛውን ብዛት፥ የሚሄድበትን ቀንና ሰዓት፥ የሚሳፈርበትንና የሚወርድበትን ስፍራ ካላወቀ፥ አውቶቡሱን የሚያሰማራው በግምት ነው። ግምትም አንድ ቀን ባዶ መኪና፥ ሌላ ቀን ደግሞ በመንገድ ዳር ቆሞ የሚያመሽ ሕዝብ ያመጣል። ነገር ግን ቍጥር የሚጠቅመው ማን እንደሚቈጠርና ስለ ምን እንደሚቈጠር አስቀድሞ በታሰበበት ጊዜ ብቻ ነው። ይህንም ለመረዳት የጣርማ በር መንገድ መልካም ምሳሌ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው ዐቢይ መንገድ፥ ጣሊያኖች አገሪቱን ይዘው በነበሩበት ጊዜ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፥ ተራራውን ፈልፍለው ባበጁት ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ነው። ጉም የለበሰውን ደጋ ትቶ የሚወርድ መንገደኛ፥ ደብረ ሲናንና አርማንያን አልፎ፥ ብዙ ሳይቈይ ወደ ይፋት ቆላ ይደርሳል፤ ከፍታዋ 1300 ሜትር የማይሞላው ሸዋ ሮቢትም በሙቀቷ ትቀበለዋለች። መኪና ይህን ያህል ቍልቍለት በሚወርድበት ጊዜ የፍሬኑ ድካም በጭነቱ ልክ ስለሚበዛ፥ በውስጡ ስንት ሰው አለ ማለት የሒሳብ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጥያቄም ነው።

የይፋት አገር መቈጠርን ያወቀው ዛሬ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ፥ ዓርብ ዓርብ ገበያ ይቆም ነበር፤ ከቆላ በሚመጣው ሸቀጥ ላይም ቀረጥ ይከፈል ነበር። የኬላ ሹም የሚፈልገው ቀረጡን ነውና ዓይኑ የሚያርፈው በጭነቱ ላይ ነው። ባለ ጭነቱ የት እንደሚሄድ፥ መንገዱ ይርቀው ወይም ይከብደው እንደ ሆነ መመርመር የኬላ ሥራ አልነበረም። ቍጥር ለማስከፈል ብቻ በሆነ ጊዜም ተቈጣሪው መሰወርን ይማራል።

ንጉሥ ዳዊት በኢዮአብ እጅ ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ መቅሠፍት እንደ መጣ፥ ሙሴ ግን በሲና ምድረ በዳ እስራኤልን በትእዛዝ እንደ ቈጠረ መጻሕፍትን የተማሩ ሁሉ ያውቃሉ። መቍጠር በራሱ በደል ቢሆን ኖሮ ለሙሴ ባልታዘዘም ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው በቈጣሪው ሐሳብ ላይ ነው፤ ስለ መንገደኛ መዝገብም የሚፈረደው በዚሁ ሚዛን ነው።

አሁን በልማድ የሚሠራበት አቈጣጠር የመናኸሪያ አቈጣጠር ነው። መኪናው ተራውን ጠብቆ ሰው ይሞላል፤ ቲኬት ይቈረጣል፤ የስምሪት ሠራተኛውም የመውጫ ወረቀት ይሰጣል። ለምሳሌ ያህል 45 መቀመጫ ያለው አንድ አውቶቡስ 45 ሰው ጭኖ ከመናኸሪያ ወጣ እንበል። በደብረ ሲና 10 ሰዎች ወርደው 14 ቢሳፈሩ፥ በመኪናው ውስጥ ያሉት 49 ይሆናሉ፤ በጠቅላላው በዚያ መኪና የተጓዙት ደግሞ 59 ናቸው። የመውጫው ወረቀት ግን ያው 45 እንዳለ ይቀራል። እንግዲህ ሦስት ልዩ ልዩ ቍጥሮች አሉ ማለት ነው፤ ይኸውም ከመናኸሪያ የወጡት፥ በአንድ ጊዜ በመኪናው ውስጥ ያሉት፥ በመንገዱ ሁሉ የተሳፈሩት ናቸው። የመጀመሪያው ለመናኸሪያው ሒሳብ ይበቃል፤ የመንገዱን ደኅንነት የሚነግረው ሁለተኛው ነው፤ ሕዝቡ ስንት መኪና እንደሚያስፈልገው የሚያስረዳው ሦስተኛው ነው። በአንደኛው ብቻ ተመርቶ ስለ ሦስቱም መፍረድ ስሕተት ነው። ከዚህም የሚከፋው፥ አደጋ በደረሰ ጊዜ ከመንገድ የተሳፈረው ሰው ስሙም ቍጥሩም በመውጫው ወረቀት ላይ ስለማይገኝ፥ ዘመዶቹ ወሬውን ከሰው አፍ የሚጠባበቁ መሆናቸው ነው።

ረዳቱ ከመንገድ የጫነውን ሰው የማይናገረው ስለ ምንድር ነው ቢባል፥ የተናገረ እንደ ሆነ መቀጫ ስለሚያገኘው ነው። ትርፍ ሰው መጫን መከልከሉና መቀጣቱ የተገባ ነው። ነገር ግን የቅጣቱ መዝገብና የጥናቱ መዝገብ አንድ በሆኑ ጊዜ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ እውነት የሚናገር ሰው ሁሉ ራሱን የሚከስ ይሆናልና። ስለዚህ ከትራፊክ ፖሊስ ሥራ የተለዩ ቈጣሪዎች በደብረ ሲና፥ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በተመረጡ ቀኖች ቆመው፥ የሚወጣውንና የሚወርደውን ብቻ ቢጽፉ፥ የመኪናውንም ሰሌዳ ባይመዘግቡ፥ በጥቂት ወጪ እውነተኛ ቍጥር ይገኛል።

ቀኑን መምረጥም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በሰንበቴ ገበያ የሚቆመው በእሑድ ነው፤ በባቲ ደግሞ በሰኞ ነው። የሳምንቱን መንገደኛ ደምሮ ለሰባት ያካፈለ ጸሐፊ በገበያው ቀን የተጨናነቀውን ሕዝብ ከሌላው ቀን ባዶነት ጋር አደባልቆ ሁሉ ደኅና ነው ሊል ይችላል። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚሄደው ምእመን ከሸዋ ሲነሣ በዚሁ መንገድ ያልፋል፤ ይህ ቀን የታወቀ ስለ ሆነ አስቀድሞ መኪና ማዘጋጀት ይቻላል። ፋሲካ ግን በባሕረ ሐሳብ ቀመር ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ ይመላለሳል። የእስላሞቹም በዓላት በጨረቃ ስለሚቈጠሩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመለሳሉ። የዘንድሮን ሚያዝያ ከአምናው ሚያዝያ ጋር ያስተያየ ሰው ይህን ያልተመለከተ እንደ ሆነ፥ በዓሉ ወር መለወጡን የንግድ መጨመር ወይም መጕደል አድርጎ ይተረጕመዋል። የውጭ አገር የሒሳብ መኪና ይህን በራሱ አያውቀውም፤ ባሕረ ሐሳብን የሚያውቁ ሊቃውንት ግን ሊያስረዱት ይችላሉ።

እንዲሁም የቍጥር ማነስ ሁልጊዜ የፍላጎት ማነስ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የሕዝብ ማመላለሻዎች ከልካቸው በግማሽ ብቻ እንዲጭኑ ታዝዞ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜም ጕዞው ታጐለ። በእነዚህ ወራት መዝገቡ ጥቂት መንገደኛ ቢያሳይ፥ ሰው መሄድ አልፈለገም ማለት አይደለም። ስለዚህ ከቍጥሩ አጠገብ ምክንያቱ ካልተጻፈ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያነበው ሹም ይሳሳታል።

በሌሎች አገሮች ይህ ሥራ በመሣሪያ ይከናወናል። በአውቶቡሱ ደጃፍ ላይ የተተከለ የማይታይ ብርሃን የገባውንና የወጣውን ይቈጥራል፤ ከሰማይ በሚመጣ ምልክት የሚሠራው ጂፒኤስም መኪናው ያለበትን ስፍራ ይናገራል። በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሕዝቡ ኦይስተር በተባለ ካርድ ይከፍላል። ነገር ግን በአውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ካርዱን የሚያስነካው በመግቢያው ብቻ ስለ ሆነ የወረደበት ስፍራ አይመዘገብም፤ ባለሙያዎቹም ቀጥሎ የተሳፈረበትን ስፍራ ተመልክተው ከዚያ አቅራቢያ ወርዶ ይሆናል ብለው ይገምታሉ። ይህ ብልሃት ለከተማ መልካም ነው፤ ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ቀበሌው በእግሩ ለሚሄደው ለቀወት ገበሬ ግን ቀጥሎ የሚያስነካው ካርድ ስለሌለ አይሠራም። እንግዲህ የሌላውን መሣሪያ መቀበል ደኅና ሲሆን፥ የሌላውን ግምት ከነምክንያቱ ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም።

ደግሞም የቍጥር መብዛት የራሱ አደጋ አለው። በአውስትራሊያ አገር የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የማመላለሻ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ማይኪ የተባሉትን ከ15 ሚሊዮን የሚበልጡ ካርዶች የሦስት ዓመት የጕዞ መዝገብ፥ ስም የሌለበት ነው ብሎ፥ ለጥናት ውድድር ሰጠ። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን የራሳቸውን ጥቂት ጕዞዎች ቀንና ሰዓት አስታውሰው፥ ከመዝገቡ ውስጥ ካርዳቸውን ለይተው አገኙ፤ የሌላውንም ሰው ጕዞ ማግኘት እንደሚቻል አስረዱ። በሚቀጥለው ዓመት የመረጃ ኮሚሽነሩ ሕግ መተላለፉን አስታወቀ። ሰው በየሳምንቱ የሚሄድበት መንገድ የሚጸልይበትን ቤት፥ የሚታከምበትን ሐኪም፥ የሚጠይቀውን ዘመድ ይገልጣልና፥ የጕዞ መዝገብ እንደ ንስሐ ምሥጢር መጠበቅ ይገባዋል። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የወጣውም የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ አያያዙን በሕግ እንዲያደርግ ነው። ለስምሪት የሚያስፈልገው ብዛት እንጂ ስም አይደለም፤ ስለ አደጋ ተብሎ የሚጻፈው የስም ዝርዝርም ጕዞው በሰላም ከተፈጸመ በኋላ የሚቈይበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ በላይ ግን ማንም መዝገብ የማይዘው አንድ ሰው አለ፤ እርሱም መኪና አጥቶ የቀረው ነው። ቲኬት የሚቈጥረው የተሳፈረውን ነው፤ ካርድም መሣሪያም እንዲሁ። ሞልቶ የሚያልፈውን አውቶቡስ እያየች በአርማንያ መንገድ ዳር የምትቀር ነፍሰ ጡር፥ ወደ ሆስፒታል መድረስ ያልቻለ በሽተኛ፥ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከገበያ ቀን ያለፈበት ገበሬ በአኃዙ ውስጥ የሉም። መሥሪያ ቤቱ የተሳፈረውን ብቻ ቈጥሮ በዚያው ልክ መኪና ቢመድብ፥ ትናንት የጐደለውን ዛሬም ማጕደሉ ነው። መልካም እረኛ ግን ዘጠና ዘጠኙን ቈጥሮ አልበቃውም፤ የቀረችውን አንዲቱን ፈለገ እንጂ።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው ጠቅላላ የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ የመንገደኛ ቍጥር አሁን ከምንጊዜውም ይልቅ ዋጋ አለው። ይህን ሥራ የያዙ ሹማምንት በየመንገዱ ዳር ቆመው የሚቀሩትን ጭምር ቢያስቈጥሩ፥ የተገኘውንም ለተቈጠረው ሕዝብ በመኪና ብዛትና በሰዓት መጠበቅ መልሰው ቢሰጡት፥ ሕዝቡ ከቍጥር አይሸሽም። ካህናትም የበዓሉን ቀንና የምእመናኑን ጕዞ አስቀድመው ለወረዳው በማስታወቅ፥ ሕዝቡም ከልክ በላይ በሞላ መኪና ቍልቍለቱን እንዳይወርድ በመምከር ሊረዱ ይችላሉ። ሰው ቢቈጠር የሚያገኘው ጥቅም እንዳለ በዓይኑ ያየ ጊዜ፥ ራሱ መጥቶ ቍጠሩኝ ይላል።