ከቦሌ ዋሽንግተን፦ መንገዱን ያረዘመው ከፍታው ነው

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው የአየር ርቀት 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋሽንግተን ዳለስ የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ይህን ያህል መንገድ የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ግድም ጨርሶ ቦሌ ይደርሳል። ከቦሌ የሚነሳው ግን ለዓመታት ደብሊን ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ጉዞውም ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። «አሜሪካ ሩቅ ስለሆነ ነው» የሚለው መልስ አያስኬድም። ዱባይ ለዋሽንግተን ከእኛ የምትቀርበው በ200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ኤምሬትስ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀጥታ ይበርራል። በደብሊን መዞሩም ቢሆን በርቀቱ ላይ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ለአውሮፕላን የግማሽ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም።

ዋናው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ላይ ስለተቀመጠ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። መንደርደሪያው ግን 3 ሺህ 800 ሜትር ላይ ያበቃል። አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ በቀረው መውጣት መቻል ስላለበት፣ ያለው አማራጭ ክብደት መቀነስ ነው። ለዋሽንግተን የሚያበቃው ነዳጅ በአስር ቶኖች የሚቆጠር ነው፤ ተሳፋሪው ደግሞ ሁለቱን ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ በበርበሬ፣ በሽሮና በድርቆሽ ሞልቶ ይመጣል። ሰውም ሻንጣም የማይቀር ከሆነ የሚቀረው ነዳጁ ነው።

«ነፋሱስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በከፍታ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ይይዘዋል። ነገር ግን ያው ነፋስ የዱባዩንም አውሮፕላን ይገጥመዋል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በላይ አያዘገየውም፣ መንገድ ላይም አያሳርፈውም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የጆሃንስበርግ ነው። እሷም ከፍተኛ ቦታ ላይ ናት፤ ሆኖም 13 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አትላንታ በቀጥታ ይበረርባታል። ይሁንና ጆሃንስበርግ ከቦሌ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ መንደርደሪያዋም ከ4 ሺህ 400 ሜትር በላይ ይረዝማል። ስለዚህ ምሳሌው የሚያፈርሰኝ ሳይሆን የሚደግፈኝ ነው፦ ጥቂት መቶ ሜትሮች ይህን ያህል ለውጥ ያመጣሉ። አዳዲስ አውሮፕላኖችም ችግሩን አቃለሉት እንጂ አላስወገዱትም።

ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አዲሱ ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ስለ እሱ ሲወራ ጎልቶ የሚነሳው በዓመት የሚያስተናግደው የሕዝብ ብዛት ነው። ለእኔ የከፍታው ነገር ከዚያ አያንስም። ልጅ ለማረስ ወይም የልጅ ልጅ ለማየት የሚሄዱ፣ ጉልበታቸው የደከመ እናቶች፣ ነዳጅ እስኪሞላ መንገድ ላይ በመቀመጫቸው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ እንደገና ተነሥተው ውቅያኖስ ማቋረጥ አለባቸው። አየር መንገዱም ለማረፊያ ይከፍላል፣ አውሮፕላኑም ለሰዓታት ይያዝበታል። 400 ሜትር ብቻውን ቀጥታ በረራን አያረጋግጥም፤ የመንደርደሪያው ርዝመትና የሚመረጠው አውሮፕላንም ይወስናሉ። ለማረፊያው ሲባል ገበሬው ከእርሻው ሲነሳ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ተሳፋሪና ሻንጣ ይዞ ከቢሾፍቱ ዋሽንግተን በቀጥታ ይደርስ እንደሆነ የሚመለከታቸው ሁሉ ከወዲሁ በቁጥር አስደግፈው ለሕዝብ ሊናገሩ ይገባል።