ላቡን የሚቆጥበው ግመል

የአንድ ሰው የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ቤተሰቡ ተሸክሞት ወደ ሆስፒታል ይሮጣል። ግመል ግን የራሱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎም ጭነቱን እንደተሸከመ መንገዱን ይቀጥላል። ሁለቱም ደመ ሞቃት ናቸው። እንደ እንሽላሊት ፀሐይ ወጥታ እስክታሞቃቸው አይጠብቁም፤ ሙቀታቸውን ከሚበሉት ምግብ ያመነጫሉ።

ማመንጨቱ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከባዱ ትርፉን ማስወጣት ነው። አንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የተባለ ትንሽ ክፍል የደምን ሙቀት ይከታተላል። ሲበርደን ከቆዳ ሥር ያሉትን ደም ሥሮች ያጠብባል፣ ጡንቻዎቻችንን ያንቀጠቅጣል። ሲሞቀን ደም ሥሮቹን ያሰፋል፣ ያልበናል። አየሩ ከሰውነታችን የበለጠ ከሞቀ ግን ያለን መውጫ ላብ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳችን ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ግሩም መላ ነው፤ ዋጋው ግን ውሃ ነው።

ውሃ በሌለበትስ? ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው፣ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በሚበልጠው በዳሎል አካባቢ ግመሎች ለዘመናት አሞሌ ጨው ሲያመላልሱ ኖረዋል። እንደ ሰው ቢያልባቸው ኖሮ ከጨው ይልቅ የራሳቸውን ውሃ መጫን ነበረባቸው።

ምስጢሩን በልኬት ያሳየው በኖርዌይ የተወለደው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ክኑት ሽሚት-ኒልሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአልጄሪያ ሰሃራ፣ ቤኒ አቤስ በምትባል የበረሃ ከተማ፣ የግመሎችን ሙቀት ይለካ ነበር። ውሃ የተከለከለ ግመል ጎህ ሲቀድ 34 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከ40 በላይ ይደርሳል። ያው ግመል ውሃ እንደ ልብ ሲያገኝ ግን የጧትና የማታው ልዩነት ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ይጠባል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ ግመሉ ሙቀቱን መቆጣጠር አቅቶት አይደለም፤ ውሃ ሲጠፋ ራሱ ይለቀዋል።

ትርፉን እናስላ። 500 ኪሎ የሚመዝን ግመል በ6 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 2,500 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት በሰውነቱ ውስጥ ያከማቻል። ይህን በላብ ላስወጣ ቢል ከ4 ሊትር በላይ ውሃ ይፈስበታል። እሱ ግን እስኪመሽ ይታገሣል፤ የበረሃው ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ሙቀቱ አንዲት ጠብታ ሳያስከፍል ይወጣለታል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ሰውነቱ 40 ዲግሪ ከሆነ፣ 42 ዲግሪ የሆነ አየር የሚያስገባበት ሙቀት ጥቂት ነው።

አካሉም ለዚህ የተሰናዳ ነው። ስቡ ሻኛው ላይ ስለተሰበሰበ የቀረው ሰውነቱ ሙቀት ለማስወጣት ነፃ ነው፤ ሻኛው ውሃ ያጠራቅማል የሚባለው ወሬ ሐሰት ነው። ሲተኛ ደረቱ ላይ ያለው ጠንካራ ቆዳ ሆዱን ከጋለው መሬት ያነሳዋል፤ ነፋስ በሥሩ ያልፋል። ፊቱንም ወደ ፀሐይ ያዞራል፤ ጎኑን ከሰጣት ብዙ ገላ ትመታለችና። ከብዙ ግመሎች ጋር ሲሆን ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ ለእኛ የሚያፍን ቢመስለንም ለፀሐይ የሚጋለጠውን አካል ይቀንስላቸዋል።

ፀጉሩም ቢሆን ጠላቱ አይደለም። በቀትር የፀጉሩ ጫፍ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲግል፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ 40 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ሽሚት-ኒልሰን አንዱን ግመል ሸልቶ ሲፈትሽ ላቡ በግማሽ ያህል ጨመረ። በበጋ ይቀለው ብሎ ግመሉን የሚሸልት ሰው ጥማቱን ያብስበታል።